ቁልፉን አትንካው

ሸዋ ሮቢት ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤
ዝናቡ የጣለው ከላይ ነው፣ ጣርማ በር።
እኛ ቆላ ሆነን ላባችንን ስንጠርግ፣
ወንዙ ለብቻው ሰምቷል የደጋውን ወግ።

ኢብሬ አርባ ኩንታል ማሾ ጭኖ ወንዝ ገባ፤
መሀል ላይ ሲደርስ ጎርፉ መጣ በደባ።
መጀመሪያ ድምፁ፤ ከዚያ ግንድ፣ ከዚያ ድንጋይ፤
ከዚያ ጭቃው ውኃ፣ ከጋቢናው መስኮት በላይ።
ኢብሬ ሾልኮ ወጥቶ ስፖንዳው ላይ ሰፈረ፤
ጫማው ሄደ፣ ስልኩ ሄደ፣ እሱ ብቻ ቀረ።

በማግስቱ፣
በሁለት ትራክተርና በሰፈር ልጆች ትከሻ፣
አንገቱን ደፍቶ ጋራዤ መጣ፣ እንደ ተቀጣ ውሻ።
ከጭስ ማውጫው ደለል ጠብ ጠብ ይላል፤
ፍሬቻው ውስጥ አንድ እንቁራሪት አፍጥጦ ያየናል።
ላቀች ከኋላ መጣች፣ ጥቁር ሻሿን አጥብቃ፤
ይህ አይሱዙ ነው የቀራት፣ ከሸዋፈራ ዕቃ።

ኢብሬ ቁልፉን አውጥቶ «አንዴ ብቻ ልሞክረው» ሲል
እጁን ያዝኩት።
ቁልፉን አትንካው!
ውኃ እንደ አየር አይደለም፣ ሲጫኑት አይታመቅ፤
ቢዬላ ያጣምማል እንጂ እሱ አይጨነቅ።
ሰውስ ቢሆን፣ ከጎርፍ ያወጡትን
ተነስ ሩጥ ይሉታል? ያስተፉታል እንጂ የጠጣውን።

ባትሪውን ፈታሁ አስቀድሜ። ከዚያ ከሥሩ ገባሁ፤
ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከኮፓው ሲወርድ አየሁ።
ፊልትሮው ጭቃ፣ ሞተሪኖው ጭቃ፣ ዲናሞው ጭቃ፤
ብርቄ፣ ረዳቴ፣ በናፍታ ታጥባለች፣ እስከ ክርኗ ተለቅልቃ።
ቡሎኑን ቆርቆሮ ላይ ትደረድራለች በተራ፤
«አንዱ ቢጎድል ወንዙን ጠይቅ» እያለች ትስቃለች ስትሠራ።

ኖዝሎቹን ነቅለን፣ ሞተሩን በእጅ አዞርነው ቀስ፤
ሦስተኛው ሲሊንደር ውኃ ረጨ፣ እስከ ጣራው ድረስ።
ሮቢ ነበር፣ ያው ራሱ፣ ሽታው እንኳ አልጠፋ፤
ብርቄ ፊቷን ጠረገች፤ «ተገላገለ» አለች፣ «ተፋ»።

በአራተኛው ቀን ስፖንዳው ላይ የቀረው ማሾ ጆንያውን በስቶ በቀለ፤
ሞተሩ ገና ሬሳ ነው፤ ጭነቱ ግን ነፍስ ዘርቶ፣ ነጭ ጭራ አበቀለ።
ላቀች አየችው። አላለቀሰችም። እፍኝ ዘገነች፤
«ለላም ይሁን» ብላ ጆንያውን ለጎረቤት ሰጠች።

ደብተሩን ያገኘሁት እኔ ነኝ።
ከወንበሩ ሥር፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣
ላስቲኩ ግን አፉን ከፍቶ፣ ወንዙን ጠጥቶ፣ አብጦ፣ ዳቦ አክሎ።
የሸዋፈራ የብድር ደብተር፤ ስም፣ ቀን፣ ብር፣ ፊርማ፤
አሁን ሰማያዊ ጭጋግ ነው፣ ጣርማ በር ይመስላል በሐምሌ ጨለማ።
ገጽ በገጽ ገልጬ ኮፈኑ ላይ አሰጣሁት፤
ዐሥራ ሰባተኛው ላይ ስደርስ ዓይኔን ተከልኩት።
እዚያ ነበርኩ። እኔ። የክሪኩ፣ የብየዳ ማሽኑ ዕዳ፣
ዐሥራ አንድ ሺህ ብር።
አሁን ነጭ ሜዳ።

ማንም አላየኝም። ብርቄ ጀርባዋን ሰጥታ ታጥባለች፤
ፀሐይዋ ወረቀቱን አደረቀች፤ ዝም አለች።
እኔም።

በዘጠነኛው ቀን አዲስ ዘይት፣ አዲስ ፊልትሮ፣ የተዋስነው ባትሪ፤
ኢብሬ ወንበሩ ላይ ወጣ፤ እጁ አልጸና አለ ከመሪ።
«አሁን ንካው» አልኩት።
አንዴ ሳለ። ሁለቴ። ነጭ ጭስ፣ ቀጥሎ ጥቁር ጭስ አወጣ፤
ከዚያ ያ የምናውቀው ድምፅ ጉሮሮውን ጠርጎ መጣ።
ልጆች ጮኹ። ኢብሬ ክላክሱን ሲጫነው ግን
ድምፅ ሳይሆን ጭቃ ወጣ።

ላቀች መቀነቷን ፈታች። «የእጅህ ስንት ነው?» አለች።
«ተከፍሏል» አልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ።
መቀነቷን መልሳ ቋጠረች።
«አምስቱ ሺህ ተቀንሷል፤ ስድስቱን ለመስቀል ታመጣለህ፤
ደብተሩ ነው የራሰ» አለች፣ «እኔ መች ራስኩልህ?»